ጉም ውስጥ የሚነበብ

«በጣም ያምራል፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

ይህ መልእክት በቴሌግራም የደረሰኝ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሥራው የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው፤ ያን ምሽት የላክሁት አሥራ አንደኛው ነበር። በመጀመሪያው ላይ ጽጌረዳ ነበረ። በአራተኛው ጽጌረዳው ወርቃማ ሆነ። በሰባተኛው ከሥሩ ሁለት ቀለበቶች ገቡ፤ በዘጠነኛው ቀለበቶቹ ወጥተው ርግቦች ተተኩ። ምን እንደሚጎድለው ሙሽራይቱን ጠየቅኳት። «እሱንማ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው ወደ አንተ የመጣሁት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ንዴቴም ከዚያ መጣ። እሷ ብትሳሳት ኖሮ ስቄ እተኛ ነበር። ካርዱን እንደገና ከፍቼ አየሁት፤ የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። እንዲህ ባለ ሌሊት ሰው ሙያውን ብቻ ሳይሆን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የወሰናቸውን ውሳኔዎች ሁሉ ይገመግማል።

ደሴ ላይ ዲዛይነር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። የእኔም ሱቅ እንደዚያው ነው፤ የመጣውን አይጠየፍም። ማኅተም ይሠራል፣ የመታወቂያ ፎቶግራፍ ያስተካክላል፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ባነር ያትማል። ጠዋት የኒካህ ካርድ፣ ከሰዓት በኋላ ለንግሥ በዓል የሚለበስ ቲሸርት፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም የሚያዝዘኝ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ወሎ ነውና ይህ ማንንም አይገርምም። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ። ነገር ግን የመጣውን ሁሉ የሚሠራ እጅ ውሎ አድሮ የራሱን ጽሕፈት ይረሳል።

ደንበኛ የሚያመጣው ብስጭት ቀላሉ ነው። «ዓርማው ይተልቅ» ይላል፣ ታተልቀዋለህ። «ትንሽ ይድመቅ» ይላል፣ ታደምቀዋለህ። ቅዳሜ ቡና ላይ ስታወራው ያስቃል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ደንበኛ አላስቸገረህም፣ መብራት አለ፣ ጊዜ አለ፣ ነጩ ገጽ ፊትህ ተዘርግቷል፤ አንተ ግን የምታኖርበት ነገር ሁሉ ያስጠላሃል። መስመር ታሰምራለህ፣ ታጠፋለህ። የፊደል ዓይነት ትቀይራለህ፣ ትመልሳለህ። ከዚያ «ሐሳብ ልፈልግ» ብለህ ኢንስታግራም ትገባለህ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትወጣ ይዘኸው የገባኸው ሐሳብም ሞቷል።

ለዚህ በሽታ ምክሩ ሞልቷል። በእግርህ ተጓዝ ይሉሃል፣ ተፈጥሮን ተመልከት ይሉሃል። ደሴ ውስጥ በእግር ለመጓዝ መካሪ አያስፈልግም፤ ከተማው ራሱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ተፈጥሮም ቢሆን ጦሳ ተራራ በየቀኑ መስኮቴ ላይ ቆሞ ያየኛል። እስካሁን አንድም ዓርማ ሰጥቶኝ አያውቅም።

የእኔ ብስጭት ሥሩ የት እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዲዛይን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ ያስተማሩኝ ሁሉ የሚሠሩት በላቲን ፊደል ነበር። አንድ ቃል አግዝፈው ይጽፋሉ፣ ከሥሩ ቀጭን መስመር ያስገባሉ፣ ዙሪያውን ባዶ ይተዋሉ፤ ያምራል። ያንኑ በአማርኛ ስሞክረው አጥር ይሆንብኛል። የላቲኑ ትንንሽ ፊደል አንዱ አንገቱን ያወጣል፣ ሌላው ጅራቱን ይጥላል፤ ቃሉ ከሩቅ የራሱ መልክ አለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ቁመታቸው የተቀራረበ ስለሆነ ተሰልፈው ይቆማሉ። ልዩነቱ ያለው በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው፤ ካዕቡ ወገቡ ላይ በምታወጣት ቅጥያ፣ ሳልሱ እግሩ ሥር በምትዘረጋው ሰረዝ፣ ኃምሱ በሚያንጠለጥላት ቀለበት። ፊደሉን ባወፈርኩት መጠን ቀለበቷ ትደፈናለች። አንድ ጊዜ «ደሴ»ን «ደሲ» አስመስዬ የሦስት ሜትር ባነር አትሜያለሁ። ከፊደል ስህተት የማይቆጠር ስህተት ነው፤ የጻፍኩት ሴ ነበር፤ የታየው ግን ሲ ነው። የባነሩን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

ሌላም ነበረ። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን በእኩል መጠን ሳስቀምጣቸው አማርኛው ሁልጊዜ ገዝፎና ጠቁሮ ይታያል፤ የእኛ ፊደል ቁመት የሚቀርበው ለላቲኑ ትልቅ ፊደል ነውና። መፍትሔው አማርኛውን በጥቂቱ ማሳነስ ነው። ይህን እስክደርስበት ሁለት ዓመት «አማርኛ ለዲዛይን አይመችም» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ምርጫውም ጠባብ ነበር። ፊደላችን ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚያውቁበት ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለው የፊደል ዓይነት መጣና ብዙዎቻችን እሱን ይዘን ቁጭ አልን። ኒያላ በራሱ ጥሩ ፊደል ነው፤ ነገር ግን የኀዘን ማስታወቂያውም የምርቃት ባነሩም በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ጆሮ ይሰለቻል። ዛሬ የኖቶ ፊደል ብቻውን ከቀጭን እስከ ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው። ምርጫው ሲሰፋ ብስጭቱ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ዘጠኙን ውፍረት ስሞክር ያደርኩበት ሌሊት አለ።

ፊደሉ እንዳሰብኩት አልቆም ሲለኝ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ መጨመር። ጥላ እጨምርለታለሁ፣ ወርቃማ ጠርዝ አስርለታለሁ፣ ወደ ጎን እለጥጠዋለሁ፣ ጽጌረዳ እተክልለታለሁ። ደንበኛው «ደመቀ» ይላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኛም እንደሌላው ሰው የያዝነውን ይዘን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል፤ ኮምፒውተሩ የለም፣ ማተሚያው የለም፣ የስድስት ዓመት ሥራዬን የያዘው ሃርድ ዲስክም የለም። ሰው ልጁን ባጣበት ከተማ ለፋይል ማልቀስ ነውር ነው፤ ስለዚህ ለማንም አላወራሁም። በብድር ሌላ ኮምፒውተር ገዛሁና ሥራ ጀመርኩ። የታዘዝኩትን እሠራለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን እጄ አልታዘዝ አለ። ድሮ ሐሳብ ሲጠፋኝ የቆዩ ሥራዎቼን ከፍቼ አንዱን እየነካካሁ ነበር የምጀምረው። አሁን የሚከፈት ነገር የለም። ወራት እንዲህ አለፉ።

በዚያ መካከል ኮምቦልቻ ያለ አንድ ድርጅት የሥራ ናሙና እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ናሙና የለኝም ለማለት አፍሬ «በሳምንት ውስጥ» አልኩ። ማታ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ናሙናዬ እኮ ከተማው ላይ ተሰቅሏል። በነጋታው ስልኬን ይዤ ከሰኞ ገበያ ተነሳሁ፤ በአራዳ አድርጌ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ ሆጤ፣ እኔ የሠራሁትን ታፔላና ባነር ሁሉ ፎቶግራፍ ላነሳ። ያ «በእግርህ ተጓዝ» የሚለው ምክር በጓሮ በር ገባ ማለት ነው፤ ይሁን።

ያየሁት ነገር መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ አስደነገጠኝ። ሥራዎቼ ሰማያዊ ሆነዋል። በአራት ቀለም የታተመ ባነር ፀሐይ ላይ ሲቆይ ማጀንታው፣ ማለትም ሮዝ ቀዩ፣ እና ቢጫው ቀድመው ይለቃሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ይህን በሙያው አውቀዋለሁ፤ በራሴ ሥራ ላይ ተሰልፎ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። የአንድ ሥጋ ቤት ሥጋ ሰማያዊ ሆኖ ተንጠልጥሏል። የአንድ የውበት ሳሎን ሞዴል ከንፈሯ አመድ መስሏል። ወርቃማ ጠርዞቼ ሁሉ የሉም፤ ወርቅ የተባለው ቢጫ ነበርና ከቢጫው ጋር ሄዷል። ጽጌረዳዎቹ የተቀደደ ጨርቅ ይመስላሉ። አንድ ሌሊት ሙሉ የደከምኩበት የጥላና የብርሃን ጨዋታ ቆሻሻ ሆኖ ፊደሉ ላይ ተለጥፏል።

የቀረው ጥቁሩ ፊደልና በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በአብዛኛው ሥራዬ ላይ ደግሞ እሱ ነበር ደካማው። ጌጡ ሲራገፍ የተለጠጠው ፊደል፣ የተደፈነው ቀለበት፣ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው ስልክ ቁጥር ራቁቱን ወጣ። አሥራ ሰባት ታፔላ ፎቶግራፍ አነሳሁ፤ ለድርጅቱ ለመላክ ያላፈርኩበት አንድ ብቻ ነበር። እሱም የእኔ አይደለም ብዬ የካድኩት ነው።

ባለቤቱ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። ከጦርነቱ ሦስት ዓመት ያህል በፊት ይመስለኛል፤ የሠራሁትን ንድፍ ላሳያቸው ጠራኋቸው። በወቅቱ በማምንበት ሁሉ ነገር የተሞላ ነበር። የተደረደሩ የጨርቅ ጥቅሎች፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ ጥላ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ነገር በጉም ይነበባል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው ሐጂ?»

«ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ የገዛ ሱቄን ያጣሁበት ቀን አለ። እኔ ካጣሁት ደንበኛ ከየት ያገኘዋል?»

ጥላውን አንሳ አሉ፤ አነሳሁ። ጠርዙን አሉ፤ አነሳሁ። የጨርቅ ጥቅሎቹን ሥዕል ጠቁመው «ይህስ ለምኑ ነው?» አሉኝ። ምን እንደሚሸጡ ለማሳየት ነው ብዬ መለስኩ። «ጨርቁንማ ገብተው ያዩታል» አሉ። በመጨረሻ የቀረው ነጭ ቆርቆሮ ላይ ጥቁር ፊደል ነበር፤ ሁለት ቃል። ቃላቱ ብቻቸውን ስለቀሩ ነውር እንዳይወጣባቸው ክፍተቱን ደጋግሜ ለካሁ፣ የፊደሉን ውፍረት ቀለበቷ እስክትተነፍስ አቀጠንኩት። በዚያ ሁሉ ግን ቅር ብሎኝ ነበር። ሥራዬን ያበላሹብኝ መስሎኝ እንደ ልማዴ ጥጉ ላይ የሱቄን ስም እንኳ አልጻፍኩበትም።

ያቺ ታፔላ ዛሬም እንዳለች ናት። ጥቁሩ ትንሽ ደብዝዟል፤ ከማዶ ግን ይነበባል።

ከዚያ ወዲህ ስጣበቅ የማደርገው ነገር ተለውጧል። መጀመሪያ ቀለሙን ሁሉ አጠፋለሁ፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ ሥራውን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሰዋለሁ፣ ወይም አደበዝዘዋለሁ፤ ለራሴ «ጉም ልቀቅበት» እለዋለሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ከወጣ ሥራው እሱ ነው፤ የቀረውን ለእሱ አገልጋይ አደርገዋለሁ። ምንም ካልወጣ ደግሞ ችግሩ የቀለም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የምለው ነገር አላገኘሁም ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አይረዳኝም፤ ወረቀትና ደነዝ እርሳስ አወጣለሁ። ደነዝ ያልኩት አውቄ ነው። ሹል እርሳስ ለዝርዝር ይጋብዛል።

ይህ ብስጭትን ያጠፋል እያልኩ አይደለም። መድረሻውን ግን አሳጥሮልኛል። ድሮ ንዴቱ ሌሊቱን ሙሉ በየጌጡ ሥር ሲያሽከረክረኝ ያድር ነበር፤ አሁን ቶሎ ወደ ፊደሉ ያደርሰኛል፤ ፊደሉ ላይ ደግሞ ቢያንስ በእጄ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

የወሎ ሰው ስለ ጥበብ ጽፎ ቅኝት ሳያነሳ ቢያልፍ ይታዘቡታል፤ ስለዚህ ላንሳ። ባቲም አምባሰልም ከቅኝት ስምነታቸው በፊት የአገራችን ስሞች ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አዝማሪው ስድስተኛ ስጡኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የብራና ጸሐፊውም እንዲሁ፤ ዋናው ሀብቱ ጥቁርና ቀይ ቀለም ነው፤ በጥቁሩ ይጽፋል፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ያቆየዋል። ከእኛ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ። ሥዕሎቹን ያየኋቸው በፎቶግራፍ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው ምስል ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፤ ቀለሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጉም ቢወርድበትም ሰው መሆኑ አይጠፋም። ያ ጸሐፊ አልተበሳጨም አልልም። ስህተት ሲሠራ ብራናውን በስለት መፋቅ ነበረበት። እኔ ሁለት ቁልፍ ተጭኜ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ እናም ማን ይበልጥ እንደሚያማርር እናውቃለን።

ወደ ካርዱ ልመለስ። «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ከተባልኩበት ሌሊት በኋላ እሑድ ነበር፤ ጢጣ ወዳለችው አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ስፌት ሰፊ ናት፤ ስንደዶና አክርማ እያጣመረች፣ በአለላ እያስጌጠች፣ ወስፌዋን ሳታይ ትሰፋለች። ቡናው እስኪፈላ ስልኬን ሰጠኋት።

«ይህ ጎመን ምንድን ነው?»

«ጽጌረዳ ነው እኮ አክስቴ።»

«ለሠርግ ጎመን አይደገስም፤ አውጣው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ስቄ ቀና ስል ጥግ ላይ አንድ መሶብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፤ እስከ ወገቡ ተሰፍቶ የቀረ። ምን ሆኖ ነው አልኳት። «ተኳርፈናል» አለች። ወይን ጠጅ ቀለም የነከረችው አለላ እንዳሰበችው አልያዘላትም፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ዞር በል ብላዋለች። ታዝንበት እንደሆነ ብጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝ። እጇ ላይ ሌላ ሙዳይ ነበር፤ እሱን እየሰፋች ነው። መሶቡ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጥሩ አለላ ገበያ ላይ ካገኘች ትታረቀዋለች፣ ካላገኘችም ሁለት ዙር ፈትታ በሌላ ቀለም ትቀጥለዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። እኔ የማልፈልገውን ፋይል ከዴስክቶፕ ላይ አንስቼ ሌላ ፎልደር ውስጥ የምደብቀው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛውን፣ በረካውን ጠጥቼ ወጣሁ። ማታ ካርዱ ላይ ጉም ለቀቅሁበት። ምንም አልተረፈም፤ ርግቦቹና ጎመኑ አንድ ላይ ግራጫ ጭጋግ ሆኑ። ካርዱ ላይ ሁለት ሰዎች እንደሚጋቡ የሚናገር አንድም ነገር ጎልቶ አልወጣም። የሁለቱ ስም ከታች በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ የጎደለው እሱ ነው። ሁሉንም ደልዤ ሁለቱን ስሞች ብቻ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ አንዱ ከአንዱ ጎን፣ ከዚያም አንዱ ከአንዱ በላይ። የእሷ ስም የሚያልቅበት ፊደልና የእሱ ስም የሚጀምርበት ፊደል አንድ መሆናቸውን በአሥራ አንድ ሙከራ አላየሁትም ነበር። ያንን አንዱን ፊደል መሃል ላይ አቁሜ ሁለቱን ስሞች በእሱ አስተሳሰርኳቸው። ጥቁር በነጭ። ላክሁት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ ጻፈች፤ «ምንም አይጎድለውም። ግን እናቴ አበባው የት ሄደ እያሉ ነው።»

አንዲት አበባ በእጄ ስዬ ከካርዱ ጀርባ፣ ከአድራሻው በላይ አኖርኩላቸው። አክስቴ የታተመውን ስታይ «ይቺስ ጥቅል ጎመን ናት» አለች።

ይህን የምጽፈው ሐምሌ ላይ ነው። መብራት ከሄደ አርባ ደቂቃ ሆኖታል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ይበቃል። ለአንድ ዳቦ ቤት ታፔላ እየሠራሁ ሦስት ቀን ተጣብቄያለሁ፤ ባለቤቱ የስንዴ ዛላ ይግባበት ብሏል፤ እኔ ገና ፊደሉን አላገኘሁትም። ጉሙ ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ጠፍቷል፤ መስቀሉ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እርሳሱን አንስቼ «ዳ» እጽፋለሁ። አምስተኛው «ዳ» ላይ ቀኝ እግሩ ረዘመብኝ፤ ዘጠነኛው ላይ አጠረ። አሥራ ሁለተኛውን ስጀምር መብራቱ መጣ፤ ማተሚያው ጓዳ ውስጥ ተንጫጫ። ፊደሉ አላለቀም ነበርና አልተነሳሁም።